ቢጫ ዓይን ሁሉ የወፍ በሽታ አይደለም

«አኮ፣ ሽንቴ ሻይ ሆነ» አለችኝ የልጅ ልጄ አንድ ማለዳ። አኮ በእኛ በወለጋ አያት ማለት ነው። ሄጄ አየሁት። ሻይ እንኳ አይደለም፤ አድሮ የጠቆረ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ልጅቷን ወደ መስኮት አቅርቤ ፊቷን አየሁ። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስህተት ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው። የኔን ስህተት ሌላ አያት እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ነቀምቴ ራሷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ብትሆንም፣ ከክረምቱ በኋላ ከዲዴሳና ከአንገር ሸለቆ የሚመጣ ሰው ወባ ይዞ የሚገባበት ወር ነው። ልጅቷ ደግሞ ለመስቀል ወደ ቆላ ዘመድ ጋ ሄዳ ነበር። አባቷ «ወባ ነው» አለ። እኔ ግን ዓይኗን አይቻለሁ። «ይሄማ የወፍ በሽታ ነው» አልኩ። እኛ ዘንድ የወፍ በሽታ ሐኪም ቤት አይወሰድም የሚል ሰው ሞልቷል፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። እናቷ «ሐኪም ይያት» እያለች፣ እኔ በማለዳ ልጅቷን ይዤ መድኃኒት አዋቂ ቤት ሄድኩ። ተቀጥቅጦ የተጠመቀ ቅጠል አጠጧት። አስመለሳት። «ይሄ ሐሞቱ ሲወጣ ነው» አሉኝ፤ አመንኩ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን።

በአሥረኛው ቀን ከመኝታዋ ተነሥታ ሽንት ቤት ድረስ መሄድ አቃታት። ልቧ በልብሷ ላይ ሲመታ ይታያል። ያን ቀን እናቷ እኔን ሳታማክር ተሸክማት ወጣች። ልክ ነበረች።

መጀመሪያ የገባንበት ጤና ጣቢያ ጣቷን ወግተው ለወባ መረመሯት፤ የለም። በማግስቱ ደገሙት፤ አሁንም የለም። የታይፎይድ ምርመራው ግን «አለ» አለ፤ መርፌ ተጀመረ። ለደም ማነሷም የብረት ሽሮፕ ተሰጣት። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ወባም ታይፎይድም እኛ አገር ብዙ ናቸው፤ ሐኪም መጀመሪያ ብዙ ያለውን ነገር ይፈልጋል። ልጅቷ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ይበልጥ ነጣች። ወደ ሆስፒታል ተላክን።

ሆስፒታል ሄሞግሎቢኗ 4.9 ሆነ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። 4.9 ማለት ግማሽ እንኳ የለም ማለት ነው። ደም ታዘዘ። ከደም ባንክ የመጣው ደም ዓይነቱ የእሷው ነው፤ ሆኖም «አልገጠመም» ተባለ። ሌላ ከረጢት መጣ፤ አልገጠመም። ሦስተኛው መጣ፤ እሱም አልገጠመም። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰበው ዘመድ መንሾካሾክ ጀመረ። አንዷ «ደሟ የሰው ደም አልቀበል አለ» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ጸበል ብላ ነገረችኝ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

የላቦራቶሪው ልጅ ራሱ ወጥቶ መጣ። ወጣት ነው፤ የልጄ እኩያ አይሆንም። «እማማ» አለኝ፣ «የመጣው ደም ምንም ችግር የለበትም። የልጅቷን ደም ከራሷ ደም ጋር ሞክሬው ነበር። ከራሱም ጋር አልገጠመም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እስከምሞት አልረሳውም። የሰው ደም ከራሱ ጋር አልገጥም ሲል ምን ማለት ነው?

የክፍሉ ሐኪም አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሰውነታችን በሽታ አምጪ ነገር ሲገባበት ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ዘበኛ ያሰማራል። አንዳንድ ጊዜ፣ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ፣ በመድኃኒት ምክንያት፣ ወይም ጨርሶ በማይታወቅ ምክንያት፣ ዘበኛው ይሳሳትና የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ይይዛል። የራስን ቀይ የደም ሴል ይዞ ያስፈርሰዋል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ መኖር ሲገባው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ሲፈርስ የሚወጣው ነገር ነው ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው፤ አንዳንዴም ሽንትን የሚያጠቁረው። በሕክምናው ስም ኦቶኢሚውን ሄሞሊቲክ አኒሚያ ይባላል። ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም፤ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነውን ያገኛል ይባላል፤ በልጆች ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ነው ማንም ቶሎ የማያስበው።

ከዚያ ሐኪሟ «ምን ምን ወስዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ መርፌው ነገርኳት። ስለ ቅጠሉ ግን አፌ ተያዘ። እናቷ አየችኝ። በመጨረሻ ተናገርኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ጻፈችው። መድኃኒት ራሱ ደም ሊያስፈርስ እንደሚችል፣ ለታይፎይድ ጭምር ከሚሰጡት መርፌዎች አንዱ የሆነው ሴፍትሪያክሶን እንኳ በጥቂት ሰዎች፣ በተለይም በልጆች ላይ ይህን እንዳደረገ ነገረችኝ። ምን እንደተወሰደ ካላወቀች ምክንያቱን መለየት አትችልም። የልጅቷ ሕመም ከመርፌውም ከቅጠሉም በፊት የጀመረ ስለነበር እነሱ አላመጡትም። የኔ ጥፋት ዘጠኙ ቀን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ያን ቀን ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ፤ ምክንያቱም ወላጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው ሲቢሲ የሚባለው ጠቅላላ የደም ቆጠራ ነው። ደም ማነሱን ይናገራል፤ ለምን እንዳነሰ ግን አይናገርም። ደም በሁለት መንገድ ያንሳል፤ ወይ በበቂ ሁኔታ አይመረትም፣ ወይ እየተመረተ ይፈስሳል ወይም ይፈርሳል። ይህን የሚለየው የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ ነው። ሬቲኩሎሳይት ማለት ከመቅኒ ገና የወጣ ጨቅላ የደም ሴል ነው። በጤነኛ ሰው ከ100 ቀይ ሴል 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። የልጅ ልጄ 14 ነበራት። መቅኒዋ ሌት ተቀን ያመርታል፤ የሚመረተው ግን ደጅ ላይ ይፈርሳል። የብረት ሽሮፑ ለምን እንዳልጠቀማት ያኔ ገባኝ። ቤት የሚፈርሰው ጭቃ ጠፍቶ ካልሆነ ጭቃ ብትጨምርበት ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ደሙን በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ ይሉታል። የተጠቃው ቀይ ሴል ከዳርና ዳር ተቆርሶ እንደ ኳስ ይድበለበላል። ለወባ የሚታየውም በዚያው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሆስፒታልም ቢሆን ጥሩ ዓይን ያለው ባለሙያ ካለ ብዙ ነገር ይገኛል። በተጨማሪ ቢሊሩቢን ይታያል፤ በደም መፍረስ ጊዜ ከፍ የሚለው በተለይ ቀጥተኛ ያልሆነው የሚባለው ዓይነት ነው። ኤል.ዲ.ኤች የሚባለውም ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ደም እየፈረሰ መሆኑን ይናገራል። የሚያፈርሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። ወባም ደም ያፈርሳል። ጂ6ፒዲ የሚባል ነገር ከተወለዱ ጀምሮ የጎደላቸው ሰዎች ለወባ የሚሰጠውን ፕሪማኩዊን ሲወስዱ፣ አንዳንዶቹም ባቄላ ሲበሉ፣ ደማቸው ይፈርሳል። ዘበኛው ራሱ መሆኑን የሚያጋልጠው ምርመራ ኩምብስ ይባላል።

ኩምብስ የሰው ስም ነው። ሮቢን ኩምብስ እንግሊዛዊ ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ የተማረው የእንስሳት ሕክምና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማታ በደብዛዛ ባቡር ውስጥ ከለንደን ወደ ካምብሪጅ ሲጓዝ ሐሳቡ እንደመጣለት ተናግሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ከሞራንትና ከሬስ ጋር አሳተመው። በተከታዩ ዓመት ሌሎች ሐኪሞች ይኸው ምርመራ ደም የሚፈርስባቸውን አዋቂ ሕሙማን እንደሚለይ አሳዩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከልጅቷ ክንድ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነው ጠርሙስ ይቀመጣል። ቀይ ሴሎቹ በጨው ውሃ ደጋግመው ይታጠባሉ። በሴሉ ላይ የተጣበቀ ፀረ እንግዳ አካል ካለ በመታጠብ አይለቅም። ከዚያ ኩምብስ ሴረም ይጨመርበታል። በጥንት ጊዜ ጥንቸልን የሰው ደም ውሃ በመውጋት ነበር የሚዘጋጀው፤ የጥንቸሏ ሰውነት የሰውን ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ይህ ሴረም በሁለት ሴሎች ላይ የተጣበቁትን ዘበኞች በሁለት እጁ ይይዝና ሴሎቹን አንድ ላይ ያስራል። ደሙ ይቋጠራል። ከተቋጠረ ኩምብስ ፖዘቲቭ ነው። ማሽኑ ውድ መሆን አያስፈልገውም፤ ጠርሙስ፣ ማሽከርከሪያ፣ የጨው ውሃና ሴረሙ ካለ በሰዓት ውስጥ ይሠራል። የኛ ላቦራቶሪ ልጅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለእኔም አሳየኝ። ታች ቀይ ቋጠሮ ተጣብቋል፤ ቢነቀንቀውም አይለቅም። ተማሪ እንዳስረዳኝ መምህር ሆኖ ነው የታየኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ምርመራ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ ኔጌቲቭ ይወጣል። በሌላ በኩል ምንም ሕመም የሌለው ሰውም አልፎ አልፎ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያየው ሁሉንም አንድ ላይ ነው፤ የልጁን መንጣት፣ የዓይኑን ቢጫነት፣ የሬቲኩሎሳይቱን ብዛት፣ ኩምብሱን። የበሽታው ዓይነትም ይለያያል። ብዙው የሚሠራው በሰውነት ሙቀት ነው። ሌላው ግን ብርድ ሲነካው የሚነሣ ነው፤ ጣትና አፍንጫ ይጠቁራል፣ ደሙ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይቋጠራል። ይህ ሲጠረጠር ናሙናው ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት። ከጊምቢ ወይም ከነጆ ደም በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ነቀምቴ ቢላክ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ ከናሙናው ይልቅ ታካሚው ራሱ ቢሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

እናቶችና አያቶች ሆይ፣ የኩምብስ ምርመራን ሳታውቁት ታውቁት ይሆናል። ሾተላይ የሚባለውን ሰምታችሁ የለ? የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ የሚከተሉት በሆድ ውስጥ ወይም እንደተወለዱ ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። በእናቴ ዘመን መንፈስ ነው ይባል ነበር፤ ስንት ሴት በዚህ ተፈታለች። ከብዙዎቹ በስተጀርባ የነበረው አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፀረ እንግዳ አካል የልጇን ደም ማፍረሱ ነው። ኩምብስ ምርመራውን ያወጣው መጀመሪያ ለዚህ ነበር። ዛሬም ነፍሰ ጡሯ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ሲሆን «ኢንዳይሬክት ኩምብስ» የሚያዙላት፣ የተወለደው ልጅ ቢጫ ሲሆን «ዳይሬክት ኩምብስ» የሚያዙለት ለዚህ ነው። በጊዜ ከታወቀ መከላከያ መርፌ አለው። መንፈስ ያልነው ነገር ጠርሙስ ውስጥ ታየ ማለት ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሐኪሟ ፕሬድኒሶሎን ጀመረችላት። ደሙንስ? ፍጹም የሚገጥም እንደማይገኝ አስረዳችን፤ ነገር ግን ልብ እስኪደክም መጠበቅም ሞት ነው። ከሁሉም በተሻለ የሚቀርበው ተመርጦ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ ተሰጣት። «አልገጠመም» ማለት ምንጊዜም «አይሰጥም» ማለት እንዳልሆነ ያን ሌሊት ተማርኩ። እናቷ እግሯን፣ እኔ እጇን ይዘን አደርን። በአራተኛው ቀን ሄሞግሎቢኗ 6.3 ሆነ። በሁለት ሳምንት 9 ደረሰ። ሽንቷ ጠራ።

ከዚያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለደም ሐኪም ተላክን። ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱን ነገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚያ ሌላ በሽታ ከበስተጀርባው እንዳለ አጣሩ። ይህ ሕመም በአዋቂ ላይ ሲመጣ ሉፐስ ከሚባለው በሽታ ወይም ከአንዳንድ የደም ካንሰሮች ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለና። በልጆች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከኢንፌክሽን በኋላ መጥቶ በወራት ውስጥ ይሄዳል። በእሷ ላይ ሌላ ነገር አልተገኘም።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ቆየ። ፊቷ አበጠ፤ የክፍል ጓደኞቿ «ዳቦ» አሏት፤ እያለቀሰች መጣች። ማታ ማታ ተነሥታ እንጀራ ትጠይቃለች። መሻሏን ሲያይ አባቷ «እንዲህ ካሳበጣት እናቁመው» ብሎ ነበር፤ ፕሬድኒሶሎን ግን በድንገት አይቆምም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ከፋርማሲ በገዛ እጅ ገዝቶ መጀመርም እንደዚያው ክፉ ነው፤ ምርመራው ከመሠራቱ በፊት ከተጀመረ እውነተኛውን በሽታ ይሸፍነዋል።

አሁን ከኔ ዘጠኝ ቀን የተረፈውን ለእናንተ ላካፍል።

ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የዓይኑን ነጭ ብቻ አይታችሁ አትተዉ። የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ሳቡና ውስጡን እዩ። መዳፉንም ከራሳችሁ መዳፍ ጋር አስተያዩ። ቢጫ ብቻ ከሆነ የጉበት ነገር ሊሆን ይችላል። ቢጫም ከሆነ፣ የነጣም ከሆነ፣ ደም እየፈረሰ ሊሆን ይችላልና ያን ቀን አታሳድሩ። ሰገራውንም እዩ፤ በጉበትና በሐሞት ሕመም ሊነጣ ይችላል፤ በደም መፍረስ ግን አይነጣም። እኔ የልጅቷን የዓይን ሽፋን በመጀመሪያው ማለዳ ብስበው ኖሮ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ አገኘው ነበር።

ወባ መጀመሪያ ይመርመር፤ ከወለጋ ቆላ የመጣ ልጅ ሌላ መንገድ የለውም። ወባ ከሌለና ደሙ ካነሰ ግን ሐኪሙን በትሕትና «ደሙ ለምን አነሰ? እየፈረሰ ነው ወይስ አልተመረተም? ሬቲኩሎሳይትና ኩምብስ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እዚያ ካልተሠራ የት እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ደም የሚሰጥበትና የሚገጣጠምበት ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነው። የሚቻል ከሆነ ደም ከመሰጠቱ በፊት ናሙናው ይወሰድ፤ የሌላ ሰው ደም ከተቀላቀለ በኋላ መለየቱ ይከብዳል። ልጁ እያጣጣረ ከሆነ ግን ሕይወቱ ይቀድማል።

የወሰደውን ሁሉ ተናገሩ። ክኒኑን፣ መርፌውን፣ ቅጠሉን። ያፈራችሁበትን በተለይ ተናገሩ።

ልጅቷ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። መድኃኒት ካቆመች ዓመት ሊሆናት ነው። በሦስት ወር አንዴ ደሟን እንቆጥራለን፤ ትኩሳት በያዛት ቁጥር ደግሞ እንፈራለን። እኔ ጠዋት ጠዋት ሳስነሣት የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ሳብ አድርጌ አያለሁ። ለምዳዋለች፤ ሳልጠይቃት ራሷ ትስበውና ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ከሽንት ቤት ስትወጣም ጮክ ብላ ትነግረኛለች።

«አኮ፣ ዛሬም ውሃ ነው!»